በኪት የሚሠሩ አውሮፕላኖች ባለቤቶችና ትስስራቸው

በኪት የሚሠራ አውሮፕላን ማለት ፋብሪካው ክፍሎቹን አዘጋጅቶ በሣጥን የሚሸጠው፣ ገዢው ደግሞ ጋራዡ ወይም ሃንጋሩ (የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤቱ) ውስጥ ራሱ የሚገጣጥመው አውሮፕላን ነው። አብዛኞቹ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይይዛሉ። አራት ሰው የሚይዙም አሉ። ሥራው እንደ ኪቱ ዓይነት ከጥቂት መቶ ሰዓት እስከ ሁለት ሺህ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ ዓመታት ይወስዳል። ስለ አውሮፕላኖቹ ብዙ ተጽፏል። ባለቤቶቹ እንዴት እንደሚፈላለጉና እንደሚረዳዱ ግን በአማርኛ እምብዛም አይገኝም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪቬትና ሁለተኛው ሰው

ትስስሩ ከየት እንደሚጀምር ለማየት የሪቬት ሥራን መመልከት ይበቃል። ብዙ ኪቶች ከአልሙኒየም ላሜራ የተሠሩ ናቸው። ላሜራው ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ በሚጨፈለቅ ምስማር መሰል ትንሽ ብረት ነው። ጠጣር ሪቬት ሲሆን አንዱ ሰው ከውጭ በአየር ግፊት በሚሠራ መምቻ ይመታል። ሌላው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። ክንፍ ወይም የአውሮፕላኑ አካል ላይ ሲደረስ የአንድ ሰው እጅ ሁለቱም ጋ አይደርስም። በአንድ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ሪቬቱ በሺዎች ይቆጠራል።

ስለዚህ ሠሪው ሰው ይጠራል። መጀመሪያ የትዳር ጓደኛውን፣ ከዚያ ልጁን፣ ከዚያ ጎረቤቱን። በመጨረሻ በአቅራቢያው ያለ ሌላ ሠሪ ያገኛል። ያ ሰው ብረት ለመያዝ መጥቶ ስህተት ያያል፤ መሣሪያ ያውሳል፤ የራሱን ክንፍ ሊያሳየው ይወስደዋል። ከአንድ ወገን ብቻ የሚሳብ ሪቬት የሚጠቀሙ ኪቶችም አሉ፤ እነሱን አንድ ሰው ብቻውን መሥራት ይችላል። እንደዚያም ሆኖ የክንፍ መግጠም ቀን ሲመጣ ሁሉም ሰው መጥራቱ አይቀርም።

ታሪክ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በስፋት የሚታወቀው የፈረንሳዊው ኦንሪ ሚኜ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ሚኜ በ1930ዎቹ አጋማሽ ብዙ ሰው በቤቱ አውሮፕላን እንዲሠራ አነሳሳ። ብዙም ሳይቆይ የሰው ሕይወት የጠፋባቸው አደጋዎች ደረሱና አውሮፕላኑ ታገደ። በነፋስ ዋሻ (አየር በኃይል በሚነፍስበት መሞከሪያ) የተደረገ ሙከራ የአውሮፕላኑ የፊትና የኋላ ክንፍ አንዱ የሌላውን የአየር ፍሰት እንደሚያውክ አሳየ። በብሪታንያ በ1946 የተቋቋመው የቀላል አውሮፕላኖች ማኅበር ስሙን ሁለት ጊዜ ቀይሮ ዛሬ ላይት ኤርክራፍት አሶሴሽን ይባላል።

ታሪኩ በሰፊው የሚነገረው ግን በአሜሪካ ነው። በጥር 1953 ፖል ፖበረዝኒ የተባለ ወታደራዊ ፓይለት በሚልዋኪ፣ ዊስኮንሲን ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ የአውሮፕላን ሠሪዎችን ማኅበር ኤክስፔሪሜንታል ኤርክራፍት አሶሴሽንን መሠረተ። በአጭሩ ኢኤኤ ይባላል። ለዓመታት ቢሮው የፖበረዝኒ ቤት ምድር ቤት ነበር፤ ሚስቱ ኦድሪም የጽሕፈቱን ሥራ ትሠራ ነበር። የመጀመሪያው የአውሮፕላኖች መሰባሰቢያ በዚያው ዓመት መስከረም ተካሄደ። በ1955 ፖበረዝኒ በአንድ የቴክኒክ መጽሔት ላይ ከ800 ዶላር ባነሰ ወጪ አውሮፕላን እንዴት እንደሚሠራ በተከታታይ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የአባላቱ ቁጥር በፍጥነት አደገ። መሰባሰቢያው በ1959 ወደ ሮክፎርድ፣ በ1970 ደግሞ ዊስኮንሲን ውስጥ ወዳለችው ከተማ ወደ ኦሽኮሽ ተዛወረ።

ኦሽኮሽ ለብቻው ቦታ ይገባዋል። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ለአንድ ሳምንት ከ10,000 በላይ አውሮፕላኖች ወደዚያ አካባቢ ይመጣሉ። በቅርብ ዓመታት ጎብኚው ከ600,000 በላይ ነው። በዚያ ሳምንት የአየር ማረፊያው የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ በዓለም ላይ በሥራ ከተጨናነቁት አንዱ ይሆናል። ሰዎች በገዛ አውሮፕላናቸው ክንፍ ሥር ድንኳን ተክለው ያድራሉ። ሥራውን የሚሸከሙት በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በ2014 ዜኒት የሚባል አንድ የኪት አውሮፕላን በጎብኚዎች ፊት በሳምንት ውስጥ በደቦ ተገጣጠመ። ያለፈ ያገደመ ሁሉ አንድ ሪቬት እንዲስብ ይጋበዝ ነበር። ይህን ዓይነት ኅብረት በሌላ የአቪዬሽን ዘርፍ ማግኘት ይከብዳል።

በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የአውሮፕላን ንድፍ አውጪ በርት ሩታን ከፎምና ከፋይበርግላስ የሚሠራውን ቫሪኢዚ የሚባል አውሮፕላን ይዞ መጣ። በትክክል ከተነጋገርን የሚሸጠው ኪት ሳይሆን ንድፍ ነበር። ሩታን እርማቶችንና ማስጠንቀቂያዎችን ለሠሪዎች በየጊዜው በሚወጣ ደብዳቤ ይልክ ነበር። በ1985 ንድፍ መሸጥ ሲያቆም ግን አውሮፕላኖቹ አልጠፉም። ባለቤቶቹ ዕውቀቱን ተረክበው እስከ ዛሬ እያበረሯቸው ነው።

ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የመሠረተው የአሜሪካ ኪት አምራች ቫንስ ኤርክራፍት ደግሞ አርቪ የሚባሉትን አውሮፕላኖች አቀረበ። ከ11,000 በላይ አርቪዎች ተሠርተው በረዋል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ አንድ ሠሪ የገጠመው ችግር ሌላ ሰው ቀድሞ ያለፈበት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ድርጅቱ በታኅሣሥ 2023 ከኪሳራ የሕግ ጥበቃ ጠየቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ በሌዘር የተቆረጡ ክፍሎች ቀዳዳቸው አካባቢ መሰንጠቃቸው ነበር። ብዙ ገዢዎች ድርጅቱ በኪቶቹ ላይ ያደረገውን የዋጋ ጭማሪ ተቀብለው አብረው ቀጠሉ፤ ድርጅቱም በ2024 ከችግሩ ወጣ። ጭማሪው ያስከፋቸው ሰዎችም ነበሩ፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነበር።

አማካሪዎች

ኢኤኤ በ900 አካባቢ የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች አሉት። አብዛኞቹ በወር አንድ ጊዜ በሃንጋር ይሰበሰባሉ። የጋራ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ አውሮፕላን መመዘኛ ሚዛኖች፣ ከአባል ወደ አባል ይዞራሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቴክኒክ አማካሪ የሚባለው ሰው ነው። ራሱ አውሮፕላን የሠራ ወይም የጠገነ ሰው ነው። ያለ ክፍያ መጥቶ ሥራውን ያያል። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ስላልሆነ አይከለክልም፣ አይቀጣም። ሠሪው ያፈረበትን ነገር ሳይደብቅ የሚያሳየው ለዚህ ነው። በብሪታንያ አሠራሩ ጠበቅ ይላል፤ የላይት ኤርክራፍት አሶሴሽን ተቆጣጣሪ ሥራውን በየደረጃው አይቶ መፈረም አለበት። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር አላበቃም።

ሌላው አከራካሪ ነጥብ የ51 በመቶ ደንብ ነው። በአሜሪካ አውሮፕላኑ በአማተር የተሠራ ተብሎ እንዲመዘገብ አብዛኛውን ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው የሚሠሩ ሰዎች መሥራት አለባቸው። ገዢው መጥቶ በባለሙያ እየታገዘ የሚሠራባቸው ማዕከላት አሉ። አንዳንዶች እነዚህ የደንቡን መንፈስ ይጥሳሉ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልምድ ካለው ሰው አጠገብ መሥራት ራሱ ትምህርት ነው ይላሉ። ሁለተኛው ሐሳብ የሚያሳምን ይመስላል፤ ገዢው በእጁ እስከሠራ ድረስ።

የመጀመሪያው በረራ

የመጀመሪያው በረራ የትስስሩ ትልቅ ፈተና ነው። ለዓመታት የሠራ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙም ላይበር ይችላል። እጁ ይዝጋል። ስለዚህ የተለመደው ምክር ተመሳሳይ አውሮፕላን ካለው ሰው ጋር አስቀድሞ መብረር ነው። የኢኤኤ የበረራ አማካሪዎች ሠሪው ራሱ ይብረር ወይስ ሌላ ሰው ያብርርለት የሚለውን በግልጽ ያነጋግሩታል። በአሜሪካ ከ2014 ጀምሮ ሁኔታዎቹ ሲሟሉ ብቃት ያለው ሁለተኛ ፓይለት በሙከራ በረራው አብሮ እንዲሄድ ተፈቅዷል። ከዚያ በፊት ሕጉ ብቻውን ይልከው ነበር።

መጥፎ ዜናም በዚሁ መስመር ይደርሳል። የዜኒት 601 ኤክስኤል አንዳንድ አውሮፕላኖች በአየር ላይ ተሰባብረው የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ በ2009 የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አውሮፕላኑ እንዳይበር ጠየቀ። ባለቤቶቹ የዘጉትን ክንፍ ከፍተው ማጠናከር ነበረባቸው። የጨረሱትን ሥራ እንደገና ማፍረስ ከባድ ነው። ቀድሞ ያፈረሰ ሰው በስልክ ሲገኝ ግን ይቀልላል።

ሁለተኛው ባለቤት

ብዙ ጊዜ የሚረሳው አውሮፕላኑን ተሠርቶ ያለቀ የገዛው ሰው ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በቀደመው ዓመት አደጋ ከደረሰባቸው በአማተር የተሠሩ አውሮፕላኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሌላ ሰው የተገዙ ነበሩ። ሠሪው የእያንዳንዱን ሽቦ መንገድ ያውቃል። ገዢው አያውቅም። በአሜሪካ ሠሪው ዓመታዊውን ፍተሻ ራሱ ለመሥራት የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል፤ ይህ መብት ግን ከአውሮፕላኑ ጋር ለገዢው አይተላለፍም። ገዢው ብዙ ጊዜ ፈቃድ ያለው መካኒክ ይፈልጋል፤ ያም መካኒክ እንዲህ ያለ አውሮፕላን አይቶ ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ አንዳንድ የየሞዴሉ ክበቦች አዲስ ገዢን ከአዲስ ሠሪ እኩል ይቀበላሉ። ሞዴሉን የሚያውቅ መካኒክ ይጠቁሙታል፤ አብሮት የሚበር ሰው ይፈልጉለታል። ከተቻለ ከመጀመሪያው ሠሪ ጋርም ያገናኙታል። ሠሪው የግንባታ መዝገቡንና ፎቶዎቹን ካስረከበው፣ ላሜራው ከተዘጋ በኋላ የማይታየውን ሁሉ ገዢው በዚያ ውስጥ ያገኘዋል።