አሮጌ ምላጭን በእጅ መፈተግ ምንድን ነው?

በእጅ መፈተግ ማለት ዝገት የበላውን ታጣፊ ምላጭ ያለ ሞተር፣ በብርጭቆ ወረቀትና በጣት ኃይል ብቻ፣ ገጹን በጥቂት በጥቂቱ እየፋቁ ማለስለስ ነው። ከመሳል ጋር ሊምታታ አይገባም፤ መሳል የሚመለከተው ስለቱን ሲሆን መፈተግ የሚመለከተው በስለቱና በጀርባው መካከል ያለውን ገጽ ነው። ለዚህ ሥራ ከሚቀርቡት ምላጮች ብዙዎቹ በእንግሊዟ ሼፊልድና በጀርመኗ ዞሊንገን የተሠሩ ናቸው፤ የካርቦን ብረት በመሆናቸውም እርጥበት ሲያገኛቸው በቀላሉ ይዝጋሉ።

በሞተር የማይሠራበት ምክንያት ሙቀት ነው። የምላጩ ገጽ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ስለሆነ ብረቱ ወደ ስለቱ በተጠጋ መጠን እጅግ ይሳሳል፤ በፍጥነት የሚሽከረከር መሞረጃ ጥቂት ቢቆይበት ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይከማቻል። ብረቱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው፤ ጥንካሬው ስለላላ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢስሉት ስለቱ አይበረክትም። እጅ ግን ይህን ያህል ሙቀት ሊፈጥር አይችልም።

ሥራው የሚጀመረው ስለቱን በማደንዘዝ ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው ጣቱን መቁረጡ አይቀርም። ከዚያም ምላጩ ስለቱ እንዳይንጠለጠል ተደርጎ በዝርግ እንጨት ላይ ይተኛል፤ ውሃ የነካው የብርጭቆ ወረቀት የገጹን ጎድጓዳ ቅርጽ በሚመጥን ቡሽ ላይ ይጠቀለልና ማሸት ይጀመራል። የወረቀቱ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቅንጣቱ ይደቅቃል፤ በአውሮፓው መለኪያ የ400 ቅንጣት በአማካይ 35 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ያህል ሲሆን የ2000 ደግሞ 10 ማይክሮን ገደማ ነው። እንግዲህ መፈተግ ጭረትን ማጥፋት ሳይሆን ትልቁን ጭረት በትንሽ ጭረት መተካት ነው። ይህ በሚገባ ከተጨበጠ የቀረው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስታቸው ቁጥሩን በችኮላ መለወጥ ነው። ምላጩን በመብራት ሥር ዘንበል አድርገው ሲመለከቱት የ400ው ጭረት ከተረከዝ፣ ማለትም ከእጀታው በኩል ካለው ዳር፣ ወደ ጫፍ ተጋድሞ ይታያል እንበል፤ በ600 ሲያሹ አቅጣጫውን ለውጠው ከጀርባ ወደ ስለት ቢሄዱ፣ ያልጠፋው አሮጌ ጭረት አዲሶቹን አቋርጦ እንደ ነጭ ክር ራሱን ያጋልጣል። ያ ክር ሳይጠፋ ወደ 800 ማለፍ ድካምን መጨመር ነው፤ በ2000 ከተወለወለ በኋላ ጎልቶ ይወጣልና ሥራው እንደገና ከ600 መጀመር ይኖርበታል።

ጀርባው ፈጽሞ ሊነካ አይገባም ብዬ አጥብቄ እናገራለሁ። ምላጭ የሚሳለው ጀርባውና ስለቱ አንድ ላይ የመሳያ ድንጋዩን እየነኩ ስለሆነ የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር፣ ጀርባው 5.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ምላጭ ከ16 እስከ 17 ዲግሪ የሚደርስ ማዕዘን አለው፤ ከጀርባው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢነሳ ማዕዘኑ ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል፣ ስለቱም ይሳሳል። በገጹ ላይ በወርቅ ቅብ የተጻፈ ስም ካለም ወረቀቱ በጥቂት ምልልስ ያጠፋዋልና በዙሪያው መሥራት ይሻላል።

ቀይ ዝገት ቶሎ ይለቃል። ብረቱን ሰርስሮ የገባ ጉድጓድ ግን የሚጠፋው በዙሪያው ያለው ገጽ በሙሉ ወደ ጉድጓዱ ወለል ሲወርድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጀርባው አጠገብ ያለውን ጥልቅ ጉድጓድ ንጹሕ አድርጎ መተው ምላጩን ከማቅጠን ይመረጣል። በስለቱ መስመር ላይ ያለው ግን አይታለፍም፤ ምላጩ ሲሳል እዚያው ቦታ ላይ እየተሸረፈ ቆዳ ይቧጭራልና፣ የስለቱ መስመር ከጉድጓዱ በላይ እስኪያፈገፍግ ድረስ በድንጋይ መበላት አለበት። ለዚያ የሚበቃ ስፋት ያልቀረው ምላጭ ተወልውሎና ዘይት ተቀብቶ ይቀመጣል እንጂ ለመላጫ አይሆንም።