ቩቩዜላ፦ ከብስክሌት ጥሩምባ እስከ ዓለም ዋንጫ

ቩቩዜላ የኳስ ደጋፊዎች የሚነፉት የፕላስቲክ ጥሩምባ ነው። ርዝመቱ 65 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ቀዳዳም ቁልፍም የለውም። ከንፈርን ገጥሞ እያርገበገቡ መንፋት ነው፤ የሚወጣውም ያው አንድ ድምፅ ነው። ዓለም ያወቀው ደቡብ አፍሪካ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ ነው። የፕላስቲክ ጥሩምባ ግን ከዚያ በፊትም በስታዲየም ነበር፤ ሜክሲኮዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይነፉት ነበር።

የደቡብ አፍሪካውን ማን ፈጠረው ከተባለ፣ ባለቤት ነኝ ባዩ ብዙ ነው። ስሙ ቶሎ የሚነሳው የደቡብ አፍሪካው ክለብ የካይዘር ቺፍስ ደጋፊ ፍሬዲ ማኬ ነው፤ በቅጽል ስሙ «ሳዳም»። እሱ እንደሚለው ነገሩ የተጀመረው በ1965 ነው። የብስክሌት ጥሩምባ አገኘ፣ የሚጨመቀውን ጎማ ነቅሎ ጣለ፣ በአፉ ነፋው። ሲያጥርበት ቱቦ ቀጠለበት። በኋላ ብረቱ ለጠብ ይሆናል ተብሎ ስታዲየም እንዳይገባ ሲከለከል ወደ ፕላስቲክ ዞረ።

በደቡብ አፍሪካ ያለችው የናዝሬት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን፣ ማለትም የሼምቤ ተከታዮች፣ በዚህ አይስማሙም። በአምልኮ ጭፈራቸው ረጅም ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ቩቩዜላ ከእኛ የተወሰደ ነው ብለው በ2010 ፍርድ ቤት እንሄዳለን እስከማለት ደርሰዋል። ከጥንቱ የአጋዘን ቀንድ መጣ የሚለው ታሪክም አለ። ይሄኛው ለቱሪስት ይጥማል እንጂ ማስረጃው የሳሳ ነው።

ለገበያ ያበቃው ኒል ቫን ስካልክዊክ ነው። ድርጅቱ ማሲንሴዳኔ ስፖርት በ2001 በብዛት ማምረት ጀመረ።

በድምፁ ላይ ጭቅጭቁ የፈነዳው በ2009 እዚያው ደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ነው። የስፔኑ ዣቢ አሎንሶ ይታገድልን አለ። የያኔው የፊፋ ፕሬዚዳንት ሴፕ ብላተር ግን የአፍሪካን ዓለም ዋንጫ አውሮፓዊ አናድርገው ብሎ እምቢ አለ። በዓመቱ በዓለም ዋንጫው የፈረንሳዩ ተጫዋች ፓትሪስ ኤቭራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ስለሚነፉ እንቅልፍ አጣን፣ ሜዳ ውስጥም አንደማመጥም ሲል አማረረ። ፈረንሳይ በዚያ ውድድር ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች፤ ጥፋቱ ግን የጥሩምባ ብቻ አልነበረም።

ድምፁ ከጆሮ አጠገብ ከ120 ዴሲቤል በላይ ይደርሳል፤ ጆሮን ይጎዳል። በቴሌቪዥን ግን ሰውን ያሰለቸው ጩኸቱ ሳይሆን አለመለዋወጡ ይመስለኛል። ጎል ሲገባም ኳስ ሲወጣም ያው ነው፤ 90 ደቂቃ ሙሉ ቀፎው እንደተነካ ንብ። አንድ ድምፅ መሆኑ ግን ለቴሌቪዥን ባለሙያዎች ጠቅሟል። ድግግሞሹ 233 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ እሱንና ብዜቶቹን ለይቶ መቀነስ ይቻላል።

የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋ በመስከረም 2010 ከውድድሮቹ አገደው። የደጋፊውን ዝማሬ ይውጣል የሚል ነበር ምክንያቱ፤ እውነት ነው፣ ቩቩዜላ ባለበት መዝፈን አይታሰብም።

እኛም አንድ ትዝታ አለን። ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት በ2013 እዚያው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ደጋፊው ነደደው። ቩቩዜላው ከጠርሙስ ጋር ሜዳ ላይ ዘነበ፤ ጨዋታውም ለጊዜው ተቋረጠ። አዳነ ግርማ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ወጣን።

በ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ ቩቩዜላ ታገደ። ብራዚሎች በምትኩ ካሺሮላ የሚባል የሚንቋቋ ነገር አዘጋጅተው ነበር። በ2013 ሳልቫዶር ላይ ሲሞከር የተናደዱ ደጋፊዎች ሜዳ ውስጥ ወረወሩት። እሱም ታገደ።