የፎገራ ሩዝና የገበሬው ገቢ

ፎገራ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከጣና በስተምስራቅ ያለ ሜዳ ነው፣ ከተማው ወረታ ይባላል፣ ከባህር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠልበት ቦታ ነው። ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፣ ክረምት ላይ ሲሞሉ ማሳው ላይ ውሀ ይተኛል። ስለዚህ ድሮ ክረምቱን ዘርቶ ማግኘት ከባድ ነበር፣ ውሀው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፣ ከብት ይሰማራል፣ በቃ። ሩዝ የመጣው ለዚህ መሬት ነው።

በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ በሚባሉ ቀበሌዎች በአምራች ማህበራት በኩል ሩዝ አስጀመሩ ነው የሚባለው። ከዛ በፊትም ተሞክሯል የሚሉ አሉ። ማህበራቱ ሲፈርሱ ሩዙም አብሮ ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር፣ ዘሩን ይዞ ያቆየው ግን ገበሬው ነው፣ ይሄ የሚያከራክር አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ግብርና እንደገና ሲያስፋፋው ለብዙ ዓመት በብዛት ሲዘራ የኖረው ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ እዛው ነበር፣ ስሙም ከቀበሌው ነው። ወረታ ያለው ብሄራዊ የሩዝ ምርምርና ስልጠና ማዕከል በ2011 ተመርቋል፣ እንደ ኔሪካ 4፣ እድገትና ሻጋ ያሉ ዝርያዎችም ወጥተዋል፣ ገበሬው ግን ነጭነቱንና ገለባውን አይቶ ነው የሚመርጠው።

ገቢው በደንብ የተቀየረው ግን አንድ ማሳ ሁለቴ መታጨድ ሲጀምር ነው። ሩዝ ሰኔ ላይ ይዘራል፣ አረሙ እጅ የሚፈጅ ስራ ነው፣ ቤተሰቡ ካልበቃ ወንፈል ወይ የቀን ሰራተኛ ይፈለጋል፣ አጨዳው ህዳርና ታህሳስ ነው። ብዙዎች ሩዙ ገና ቆሞ እያለ ጓያውን ውስጡ ይበትኑታል፣ ሩዙ ሲታጨድ ጓያው በቅሎ ይቆያል፣ እርሻም አይፈልግም። ወንዝ አጠገብ ያለው ደግሞ በሞተር ውሀ እየሳበ ሽንኩርት ይተክላል፣ በሽንኩርት ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ፣ ልጁን ያስተማረ ብዙ ነው። ችግሩ ሁሉም አንድ ሰሞን ሲነቅል ዋጋው ይወድቃል፣ ሽንኩርት ደግሞ አይጠብቅም፣ ደላላው ያለውን ተቀብሎ መሸጥ ነው።

ሩዝ ይጠብቃል። ካጨዳ በኋላ ወዲያው ከነገለፈቱ የሚሸጥና ጎተራ አቆይቶ ወረታ አስፈልፍሎ የሚሸጥ እኩል አያገኙም። ከአንድ ኩንታል ከ60 እስከ 70 ኪሎ ነጭ ሩዝ ይወጣል፣ እሱም በደንብ ከደረቀ ነው። ነጋዴው እጁን ጆንያው ውስጥ ከቶ ጥቂት ፍሬ ያወጣና አንዷን በጥርሱ ይሰብራታል፣ እርጥብ ከሆነች ዋጋ ይቆርጣል። መሬት ላይ የተወቃ ጠጠር ይገባበታል፣ ከልክ በላይ ፀሀይ የመታው ደግሞ መፈልፈያው ላይ ይሰባበራል፣ ስለዚህ ሸራ ላይ ወቅቶ፣ እያገላበጡ ማድረቅ ገንዘብ ነው። ከውጭ የሚገባው ሩዝ ከተማ ላይ የሚበልጠው አንዱ በዚህ ነው፣ ፍሬው ሳይሰበር ስለሚመጣ፤ በጣዕም ግን የፎገራን የሚያክል የለም። የተሰባበረውም ቢሆን አይጣልም፣ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላና አረቄም ይወጣዋል።



ሩዙ የግጦሹን መሬት ስለወሰደ የታወቀው የፎገራ ከብት ቀነሰ የሚል ክርክር አለ፣ እውነትነት ሳይኖረው አይቀርም፣ ከሌላ ዝርያ ጋር መዳቀሉም ምክንያት ነው ይባላል። አሁን በበጋ ከብቱን የሚይዘው የሩዝ ገለባ ነው፣ ክምር ያለው ሰው ለጎረቤት ይሸጣል፣ በሬ የሚያደልብም በሱ ላይ ጓያ ክክና ፋጉሎ ጨምሮ ለፋሲካ ገበያ ያደርሳል።