«ሲበዛ ማርም ይመራል» የሚባለው ለጠገበ ሰው ነው

ሰሞኑን ጅማ መርካቶ ውስጥ ጆንያ ሲያወርድ የዋለ ወጣት ጥቂት ብር እንዲጨመርለት ቢጠይቅ፣ አሠሪው «ሲበዛ ማርም ይመራል» ብሎ አሰናበተው። ተረት እንዲህ አለቦታው ሲውል ያንገበግበኛል። ልጁ ገና ምኑን ቀምሶ ነው የሚመረው?

ይህን አባባል ያፈለቀው ማር ቆራጭ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤት ውስጥ ማር ለእንግዳና ለበሽተኛ ተቆጥቦ በማንኪያ ይወጣል፤ እስኪመረው የሚያገኘው የለም። ጠጅ ቤትም ቢሆን ምሬቱ የጌሾው ነው። ሰው ማር እስኪያንገፈግፈው የሚበላው ከቀፎው ዛፍ ሥር ብቻ ነው።

በጅማ ዞን በጌራ ደን ውስጥ የገተማ ዛፍ አብቦ ካበቃ በኋላ ቀፎ የሚቆረጠው ሲመሽ ነው። ቆራጩ ገመድና የሚጤስ ችቦ ይዞ ይወጣል፤ እኛ ልጆች ከታች አንጋጠን እንጠብቃለን። ነጩ የማር እንጀራ ወርዶ በቅጠል ላይ ይቆረሳል። የመጀመሪያው ቁራሽ ዓይን ያስጨፍናል። ሁለተኛው ይጣፍጣል፣ ዓይን ግን አያስጨፍንም። ሦስተኛው ላይ ሰፈፉን እያኘክን ወሬ እንጀምራለን። ከዚያ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ውኃ ውኃ ያሰኛል፤ አሁንም ለጨመረ ሰው ያው ማር እውነትም ይመረዋል። አያቴ ግን ሁለት ቁራሽ ቀምሰው እጃቸውን ይታጠባሉ። የቀረው ገበያ ወጥቶ ጨውና ልብስ ይሆናል።

ኢኮኖሚስቶች ይህንን፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቁራሽ ከቀደመው ያነሰ ማስደሰቱን፣ «እየቀነሰ የሚሄድ የኅዳግ እርካታ» ሕግ ይሉታል። ጀርመናዊው ሄርማን ሄንሪክ ጎሰን እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮት ሰሚ አጥቶ ነበር፤ ከ1871 ጀምሮ ጄቮንስ፣ ሜንገርና ቫልራስ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በየፊናቸው መልሰው አነሡት። ጎሰን አያቴ እጃቸውን የታጠቡበትን ምክንያትም አስቀምጦታል፦ ገቢው የተወሰነ ሰው ከሁሉ የላቀ እርካታ የሚያገኘው፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ያወጣት የመጨረሻዋ ብር እኩል ስታስደስተው ነው። ሦስተኛው ቁራሽ ከጨው ያነሰ ከሆነ፣ ይሸጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይስታሉ። የሚቀንሰው ጭማሪው የሚሰጠው ደስታ እንጂ ጠቅላላው ደስታ አይደለም፤ ጠቅላላው ምሬቱ እስኪጀምር ድረስ እያደገ ይሄዳል። ቀነሰ ማለት መረረ ማለት አይደለም። ለዚያ ጫኝ የምትጨመረው ብር ደግሞ ከአሠሪው ኪስ ይልቅ በእርሱ እጅ ብዙ ትሠራለች።

ከሁሉ የሚከፋው ተረቱን በትምህርት ላይ መወርወር ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ልትጀምር የተነሣች ልጅ በዘመዶቿ ፊት «ሲበዛ ማርም ይመራል» ስትባል ሰምቻለሁ። ሕጉ የሚናገረው በአንድ ጊዜ ስለሚበላ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ያነበበችው መጽሐፍ የሚቀጥለውን ይበልጥ እንድትፈልገው ካደረጋት፣ ማሩን ምን አመጣው? ተረቱን ለጠገበ ሰው አቆዩት፤ ልጅቷን ግን መርቃችሁ ሸኟት።