ስለ ኔትወርክ ማርኬቲንግ በስፋት የሚታመኑ ስህተቶች

ኔትወርክ ማርኬቲንግ አባላት ከራሳቸው ሽያጭና ካስገቧቸው አባላት ግዢ ድርሻ (ኮሚሽን) የሚያገኙበት አሠራር ነው። ፒራሚድ የሚባለው ደግሞ ገቢው በዋናነት ከውጭ ደንበኛ ሳይሆን ከአዳዲስ አባላት ኪስ የሚመጣበት ሕገወጥ አሠራር ነው።

«ምርት እስካለው ድረስ ፒራሚድ አይደለም»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1975 ፒራሚድ ነው ብሎ የወሰነበት ኮስኮት መዋቢያ ዕቃ የሚሸጥ ኩባንያ ነበር። ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ነው። ገዢው ዕቃውን የፈለገ የውጭ ደንበኛ ከሆነ ንግድ ነው። ገዢው የኮሚሽን ድርሻው እንዳይቀርበት ሲል በየወሩ ዕቃ የሚያዝ አባል ከሆነ ግን፣ ለላይኞቹ የሚከፈለው ከታችኞቹ ኪስ ነው። ለመለየት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ አባልነቱ ዛሬ ቢቀር ይህን ዕቃ በዚህ ዋጋ የሚገዛ ሰው አለ?

«ሕጋዊነቱ በአምዌይ ጉዳይ ተረጋግጧል»

አምዌይ ታዋቂ የኔትወርክ ማርኬቲንግ ኩባንያ ነው። ይኸው የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 የሰጠው ውሳኔ ለዚህ አንድ ኩባንያ ነው፤ ለዘርፉ በሙሉ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ኮሚሽኑ አምዌይን ፒራሚድ አይደለም ያለው ሦስት ደንቦቹን አይቶ ነው፦ አባሉ በወር ከገዛው ቢያንስ 70 በመቶውን እንዲሸጥ፣ ለ10 ደንበኞች በችርቻሮ መሸጡን እንዲያሳይ፣ ያልተሸጠውም ተመልሶ እንዲገዛለት። በዚያው ውሳኔ ኩባንያው ገቢን አጋንኖ መናገሩን እንዲያቆም ታዟል፤ ይህን ክፍል መልማዮች አያነሱትም።

«የከሰረው ስላልሠራ ነው»

ይህ አባባል የከሰረውን ሰው ሁለቴ ይጎዳዋል፤ ገንዘቡን ካጣ በኋላ በራሱ ላይ ያለውን እምነትም ይነጥቀዋል። ስሌቱን እንየው። እያንዳንዱ አባል 6 ሰው ቢያስገባ በ13ኛው ዙር ብቻ ከ13 ቢሊዮን በላይ አዲስ ሰው ያስፈልጋል፤ የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን ገደማ ነው። ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው፦ ቆጠራውን ከጥቂት ዙር በኋላ የትም ላይ ቢያቆሙት ከአባላቱ 83 በመቶ ያህሉ መጨረሻው እርከን ላይ ናቸው፤ ከበታቻቸው ማንም የለም። ሁሉም እኩል ቢተጉም ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም።

ወጪውን እንጨምርበት። ኮሚሽን ለማግኘት በወር የ100 ዶላር ዕቃ መግዛት ግዴታ ነው እንበል፤ ከበታችዎ ካሉት ግዢም 5 በመቶ ይከፈልዎታል። ያወጡትን 100 ዶላር ለመመለስ ብቻ 20 ሰዎች በየወሩ እያንዳንዳቸው 100 ዶላር ማውጣት አለባቸው። ከመካከላቸው አንዱ በወጣ ቁጥር ምትክ መፈለግ ግድ ነው። የሥልጠና፣ የትራንስፖርትና የስልክ ወጪው ገና አልተቆጠረም።

«ኩባንያው ራሱ የገቢ መግለጫ አውጥቷል»

መግለጫውን በጥንቃቄ ያንብቡት። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረጉት ሪፖርት የ70 ኩባንያዎችን መግለጫ መርምረው ነበር፤ አብዛኞቹ አባላት ያገኙት በዓመት 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው። ያውም ብዙዎቹ መግለጫዎች ምንም ያላገኙትን ከስሌቱ ያስወጣሉ፤ ወጪንም አይቀንሱም። «አማካይ ገቢ» የሚል ካዩ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ «ንቁ አባላት» ብቻ ተቆጥረው ያገኙታል።

«ካልሆነልኝ ዕቃውን እመልሳለሁ»

ተመላሽ የሚቀበሉ አሉ። ነገር ግን በተለምዶ 10 በመቶ ይቆረጣል፣ የተከፈተ ዕቃ አይመለስም፣ የሥልጠና ክፍያም እንደወጣ ይቀራል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የተመላሽ ደንቡን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ደረሰኙን ያስቀምጡ፤ የመጀመሪያው ዕቃ ለውጭ ደንበኛ ሳይሸጥ ሁለተኛ አይዘዙ።