ከአብራሪ ኪት የወጣ ሰዓት፦ ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጂድ?

ባሕር ዳር ላይ አሮጌ ሰዓት ሲሸጥ ታሪኩም አብሮ ይሸጣል። አንዱ የጣሊያን ምርኮ ነው ይላል፣ ሌላው እንግሊዝ መኮንን ለአያቴ የሰጠው። በቅርቡ የሰማሁት ደግሞ ከአብራሪ የአደጋ ጊዜ ኪት የወጣ ነው የሚል ነው።

ኪቱ ራሱ ተረት አይደለም። አብራሪ በማያውቀው አገር ቢወድቅ ለሚያበላው፣ ለሚደብቀው ወይም በጀልባ ለሚያሻግረው ሰው የሚሰጠው ነገር ያስፈልገዋል። የወረቀት ገንዘብ ድንበር ሲሻገር ዋጋ ያጣል፣ ወርቅ ግን የትም ወርቅ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የወርቅ ሳንቲም ወይም ቀለበት በታሸገ መያዣ አድርጎ ለአብራሪዎቹ ይሰጥ ነበር፤ በአንዳንዱም ውስጥ ሰዓት ነበረበት። ስሙ ጎልቶ የሚነሳው የስዊዘርላንዱ ሚሉስ ስኖው ስታር ነው። ሰብሳቢዎችን የሚያከራክራቸው ዘመኑ ነው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው ወይስ ከዚያ በኋላ የመጣ?

ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ መኮንኖች ከአርበኞች ጋር ሲዘምቱ ጠገራ ብር በግመል ጭነው ነበር የገቡት። ጠገራ ብር ደግሞ መቼም ይመታ መቼ፣ የተጻፈበት ዓመት 1780 ነው። ዕቃ ላይ የተጻፈ ዓመት ዕቃው የተሠራበት ዓመት ላይሆን እንደሚችል አያቶቻችን ከእኛ በፊት ያውቁታል።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነገር ይሄ ነው፦ የኪት ሰዓት ለገበሬ ወይም ለዓሣ አጥማጅ የሚሰጥ መለወጫ ስለሆነ ወታደራዊ መምሰል የለበትም፤ እንዲያውም ተራ የሱቅ ሰዓት ቢመስል ነው የሚሻለው። ሻጩ ጀርባውን ገልብጦ ትልልቅ ወታደራዊ ጽሑፍ ካሳየህና "ይኸው ማስረጃው" ካለህ ያኔ ነው መጠርጠር። ጽሑፍ ዛሬም በማሽን ይቀረጻል። የቆየ ቅርጽ ጠርዙ ያለቀ ነው፣ ሥሩ ውስጥ ጥቁር እድፍ ይቀመጣል። ትናንት የተቀረጸ ግን ስለታም ነው፣ ውስጡም ያብለጨልጫል።

ዓመቱንም ማስላት ያስፈልጋል። ሦስት ደብሊው የተጻፈባቸውን ታዋቂ የእንግሊዝ ጦር ሰዓቶች 12 ፋብሪካዎች ናቸው የሠሯቸው፤ ኦሜጋ፣ ሎንጂንስ፣ ሲማ፣ ቨርቴክስ ከእነሱ መካከል ናቸው። ለጦሩ የደረሱት ግን እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት ይዞ "አያቴ በ1933 ከእንግሊዝ የተቀበለው" የሚል ካለ፣ ወይ ሰዓቱ ወይ ታሪኩ ልክ አይደለም። በዘመቻው ጊዜ የነበሩት "ኤ ቲ ፒ" የሚል ፊደል ያለባቸው ናቸው።

የሶቪየት ሰዓት ለኛ ከተማ ይቀርባል። ፖሊ (የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋም) በሶቪየት ትብብር በ1955 ዓ.ም. ስለተቋቋመ፣ የሩሲያ ሰዓት እዚህ መገኘቱ አይገርምም። ቮስቶክ ኮማንዲርስኪዬ ፊቱ ላይ "በመከላከያ ሚኒስቴር ትዕዛዝ" የሚል የሩሲያ ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል። ታንክ የተሳለበት ሁሉ ግን ከጦር ግምጃ ቤት የወጣ እንዳይመስልህ፤ ብዙው ለገበያ የተሠራ ነው።

የተባለውን የኪት ሰዓት ይዤ ገበያ አካባቢ ወዳሉ ሰዓት ሠሪ ሄድኩ። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው መጀመሪያ ያዩት ቁጥሮቹን ነው። ከዚያ በባትሪ አበሩበትና በመዳፋቸው ሸፈኑት። ቁጥሮቹ ቦግ ብለው አረንጓዴ በሩ።

"ይሄ አዲስ ቀለም ነው" አሉኝ።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። በድሮ ሰዓት ላይ የሚቀባው ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር እስከ 1,600 ዓመት ድረስ ገና ግማሹ ነው የሚያልቀው፤ አብሮት የሚያበራው ዱቄት ግን በጥቂት አሥርት ዓመታት ይሞታል። ስለዚህ የእውነተኛው አሮጌ ሰዓት ቁጥር ቡናማ ሆኖ በጨለማ ዝም ይላል። ታዲያ ለማጣራት ብለህ በጥፍርህም በምላጭም እንዳትፍቀው፣ አቧራው ወደ ሳንባ ከገባ አደገኛ ነው።

ጀርባውን ሲከፍቱት ማሽኑ ንጹሕ የስዊስ ሥራ ነበር፤ ቁጥሮቹ ያሉበትን ፊት ከማሽኑ ጋር የሚያያይዙት ትንንሽ እግሮች ግን ከማሽኑ ቀዳዳ ጋር አልገጠሙም፣ ፊቱ በማጣበቂያ ነው የተያዘው። ከሁለት ሰዓት አንድ ተገጣጥሞ ወጥቷል ማለት ነው። የታሸገ ኪት ከሌለ ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚመሰክር ነገር የለም። ለሻጩ ይህንኑ ነገርኩት፤ የማሽኑን ዋጋ ብቻ እንደምከፍልም ጨመርኩለት። ትንሽ አቅማማ፣ ከዚያ ተስማማ።