«በሁለት ሐሳብ ማንከስ»፦ አባባሉ ከየት መጣ?

ልሂድ ወይስ ልቅር፣ ሥራውን ልልቀቅ ወይስ ልቀጥል እያለ የሚዋልል ሰው ሲገጥመን «በሁለት ሐሳብ አታንክስ» እንለዋለን። ቁርጡን ለይ ማለታችን ነው። ትርጉሙ ልክ ነው። አባባሉ መጀመሪያ የተነገረው ግን ለሁለት ለተከፈለ ሕዝብ ነበር።

ምንጩ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 ነው። ንጉሥ አክዓብ ሕዝቡንና ነቢያቱን በቀርሜሎስ ተራራ ሰብስቧል። በኣል የሚባለው ጣዖት ነቢያት ብቻ 450 ናቸው። ኤልያስ ወደ ሕዝቡ ቀርቦ «እስከ መቼ በሁለት ሐሳብ ታነክሳላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ሕዝቡ አንዲት ቃል አልመለሰም።

ነገሩ የቆየ ነው። ሰሎሞን ከሞተ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ930 ገደማ፣ መንግሥቱ ተሰነጠቀ። አሥሩ ነገድ በሰሜን፣ ይሁዳ ከብንያም ጋር በደቡብ ሆኑ። የሰሜኑ ንጉሥ ኢዮርብዓም፣ ሕዝቡ ለአምልኮ ወደ ኢየሩሳሌም ከወጣ ልቡ ወደ ዳዊት ቤት ይመለሳል ብሎ ፈራ። ስለዚህ በቤቴልና በዳን የወርቅ ጥጆች አቆመ። መለያየቱ በዚህ መንገድ ጸሎት ውስጥ ገባ። በኋላም አክዓብ ሲዶናዊቷን ኤልዛቤልን ሲያገባ በኣል ተጨመረበት።

ከታሪኩ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ከሰማይ ወርዶ የኤልያስን መሥዋዕት የበላውን እሳት ነው። እኔን ሁሌም የሚያስደንቁኝ ግን ድንጋዮቹ ናቸው። ኤልያስ የፈረሰውን መሠዊያ ሲጠግን በያዕቆብ ልጆች ቁጥር 12 ድንጋይ ወሰደ። የቆመው በሰሜን ነው፤ አድማጮቹም የአሥሩ ነገድ ሰዎች ናቸው። 10 ብቻ ቢወስድ ማን ይጠይቀው ነበር? ቤተ መንግሥት ሁለት ያደረገውን ሕዝብ እርሱ በአንድ መሠዊያ ላይ ቆጠረው፤ ይሁዳን ጭምር። ጸሎቱንም የጀመረው «የአብርሃም፣ የይስሐቅና የእስራኤል አምላክ» ብሎ ነው። መንግሥቱ ከመከፈሉ በፊት ወደነበሩት፣ ሁሉም «አባቶቻችን» ወደሚሏቸው ሄደ።

ስለዚህ «ማንከሱ» የአንድ ሰው ማመንታት ብቻ አይደለም። አምልኮው የተከፋፈለ ሕዝብ ቀጥ ብሎ መራመድ አቃተው ማለትም ነው። ኤልያስ ስለ ዙፋንና ስለ ድንበር አንድም ነገር አልተናገረም፤ አንድ አምላክ ያዙ ነው ያለው። መንግሥቱ እንደተከፈለ ቀረ፤ የሰሜኑ ዋና ከተማ ሰማርያም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ በአሦር እጅ ወደቀች። ያን ቀን ግን፣ እሳቱ ከወረደ በኋላ፣ ያ ዝም ያለው ሕዝብ በግንባሩ ተደፍቶ «እግዚአብሔር እርሱ አምላክ ነው» አለ፤ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ።